ያላጠፋሁት ሞተር

ጥቅምት 4

ሰባ አራት ዓመት ሞላኝ። ጥርሴ አሥራ ዘጠኝ ነው፤ ሁሉም የራሴ። ጫማዬን አስራለሁ። ጢሜን እላጫለሁ። የቧንቧ ጎማ እቀይራለሁ። የቤቴን ሃያ ሁለት ደረጃ መደገፊያ ሳልይዝ እወጣለሁ፤ ሰው ካየኝ። ካላየኝ እይዛለሁ። ሸሚዜን ራሴ አጥባለሁ፤ ልጄ ደግማ ታጥበዋለች። ግራ ጆሮዬ ሞቷል። አርባ አንድ ዓመት ወፍጮ ቤት የዋለ ጆሮ ነው፤ ሥራ ላይ ነው የሞተው። ቀኙ ሲፈልግ ይሰማል።

መጻፍም እችላለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ከጆንያ ላይ ነው፤ የባለ እህሉን ስም በከሰል እየጻፍኩ። ስለዚህ የሰው ስም ላይ ጎበዝ ነኝ፤ ሌላው ላይ እንደ ነገሩ። ደብተሩን ያመጣችው ልጄ ናት። "ጻፍበት አባባ፣ ጭንቅላትህ እንዳይዝግ።" የሚሠራ ብረት አይዝግም አልኳት። ግን ይኸው...

ልጄ አርባ ሰባት ዓመቷ ነው። የልብስ ስፌት ድርጅት ውስጥ ጨርቅ ቆራጭ ናት። ትዳሯ ፈረሰ፣ እናቷ ሞተች፣ ያኔ መጣች። ስድስት ዓመት ሆነ። "ልጄ እኔ ጋ ናት" እላለሁ። እሷ ደግሞ "አባባ እኔ ጋ ነው" ትላለች። ቤቱ የኔ ነው። ክርክሩ አልተዘጋም።

ዛሬ ጠዋት ብነሳ የወጥ ቤቱ ጣሳ ሁሉ ወረቀት ተለጥፎበታል። ጨው። ስኳር። ሩዝ። ሻይ ቅጠል። በትልልቁ፣ ለሕፃን እንደሚጻፈው። ጨው ከስኳር የማልለይ መሰልኳት? እቀደው ነበር። ጽሕፈቷ ስለሚያምር ተውኩት።

ጥቅምት 9

ሳህን እያጠበች ነበር። በመሃል ቆመች። እርጥብ እጇን ደረቷ ላይ... አረፋው ቀሚሷ ላይ ቀረ። ቧንቧው ይፈሳል። እሷ ግድግዳውን ታያለች።

"ውሃው እየፈሰሰ ነው" አልኳት።

"አየሁት" አለችና ዘጋችው።

እኔ ለምን ውሃውን አየሁ?

ጥቅምት 11

ከገበያ ስንመለስ አሥራ አንደኛው ደረጃ ላይ ተቀመጠች። ድንቹን እግሯ ሥር አስቀመጠች። ደስ አለኝ፤ እኔም ማረፍ ፈልጌ ነበር። ፊቷን ሳይ ግን ደስታዬ ጠፋ።

"ልቤ ዘለለ" አለች።

"ወዴት?"

ሳቀች። ከዚያ ነገረችኝ። ሦስት ወር ሆኗታል። ድው ድው ሲል ይቆይና... ዝም። ከዚያ አንዴ ከውስጥ በቡጢ እንደመምታት።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ነግሬህ ምን ታደርጋለህ?"

 ሞተር ቢሆን አውቅ ነበር። ሞተር ሲስት ነገሩ ከሦስት አያልፍም፤ ወይ ናፍጣው ቆሽሿል፣ ወይ አየር ገብቷል፣ ወይ ጭነት በዝቷል። የካቻቢቴውን ጫፍ ብረቱ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ አዳምጣለሁ። ሕመሙን በብረቱ በኩል ይነግረኛል። ስንት ጎረምሳ መካኒክ ያቃተውን እንዲህ ነው ያገኘሁት።

ድንቹን እኔ ተሸከምኩ። አሥራ አንዱን ደረጃ። መደገፊያ ይዤ፣ እሷ እያየችኝ። ይሁን።

ጥቅምት 15

ሐኪም ቤት። "አንተ ቤት ቆይ" አለችኝ። ኮቴን ለብሼ በሩ ላይ ቆምኩ። ወሰደችኝ።

ዶክተሯ ልጅ ናት። የሩጫ ጫማ አድርጋለች። አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችውን ማዳመጫ ሳይ ካቻቢቴዬ ትዝ አለኝ። የሷ ጎማ አለው እንጂ ሥራው አንድ ነው። ወደድኳት።

አዳመጠች። የልቧን ምት በሽቦ አነሳች። ደም ወሰደች። እየጻፈች ጠየቀች፤ "ከቤተሰብ እንዲህ የሚሰማው ነበር? እናትዎስ?"

ልጄ፣ "እናቴ? እናቴ እኮ ብረት ነበረች። አንድ ቀን አመመኝ ብላ አታውቅም። ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ፣ ከዚያ የሳንባ ምች ወሰዳት። ልቧ ደህና ነበር።"

ዶክተሯ ወደ እኔ ዞረች። "አባባ፣ እርስዎ የሚያውቁት ነገር አለ?"

ቀኝ ጆሮዬ ጥርት አድርጎ ሰምቷል።

"እ?" አልኩ።

"ጆሮው ነው" አለቻት ልጄ። ታለፈ።

ሆድ ይፍጀው።

ጥቅምት 16

ሳሙና የምታክል ሳጥን ደረቷ ላይ አሰሩላት። አምስት ሽቦ አላት። አንድ ቀን ከሌሊቱ የልቧን ነገር ትቀዳለች። ልቧ በዘለለ ቁጥር ሰዓቱንና ምን ስትሠራ እንደነበር መጻፍ አለባት። ዛሬ ሥራ የላትም። ጸሐፊው እኔ ሆንኩ። ራሴን በራሴ ሾምኩ።

ሦስት ሰዓት ከሩብ። ልብስ ስታጥፍ። አንዴ።
አራት ሰዓት። ስትስቅብኝ። ሁለቴ።
ሰባት ሰዓት ተኩል። ቁጭ ብላ። ምንም ሳታደርግ። አንዴ፣ ጠንካራ።
ዘጠኝ ሰዓት። ደረጃ ስትወጣ። ምንም።

ወረቀቱን አየችው። "'ስትስቅብኝ' ተብሎ ለሐኪም ይጻፋል?"

"እውነት ነው።"

"ለምን እንደሳቅኩም ጻፋ!"

መነጽሬ ግንባሬ ላይ ሆኖ ስፈልገው ነበር። አልጻፍኩትም። እሱ ሕክምና አይደለም።

ደረጃ ወጥታ ምንም፣ ቁጭ ብላ ጠንካራ... ይኼ እንዴት ያለ ነገር ነው? ሥራ ሲፈታ የሚስት ሞተር አላውቅም።

ጥቅምት 23

ውጤት ተነገረን። የልቧ አሠራር ደህና ነው። ደሟ ደህና ነው። "አልፎ አልፎ አንዷ ምት ቀድማ ትመጣለች" አለች ዶክተሯ፤ "ከዚያ ልብ ትንሽ ይጠብቃል፤ ቀጣይዋ በርታ ብላ ትመታለች። የርስዎ አደገኛው ዓይነት አይደለም። ራስዎን ከሳቱ ወይም ደረትዎን ካመመዎት ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ይምጡ።"

"ምክንያቱስ?" አለች ልጄ።

"እቅጩን ይኼ ነው ልልዎት አልችልም። በዚህ ዕድሜ የሴት ሰውነት ይለዋወጣል፣ ከዚያ ጋር የሚመጣባቸው አሉ። ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል።"

"ያለ ምክንያት የሚስት ሞተር የለም" አልኳት።

"ልብ እኮ ሞተር አይደለም አባባ።"

ትሕትና አላት። ግን ናፍጣ ቀድታ አታውቅም።

ልጄ፣ ቤት ልንደርስ ስንል፣ "ዶክተሯም አታውቅም አይደል?" አለች። ደህና ነሽ መባሉን አልሰማችም። የሰማችው "አላውቅም" የሚለውን ነው።

ማታ ወረቀት ጨመረች። ምድጃው ላይ፣ "ከተጠቀምክ በኋላ ዝጋ"። ግድግዳው ላይ የስልክ ቁጥሮች፣ እያንዳንዱ ቁጥር እንቁላል የሚያክል። ምን ነካት ይህቺ ልጅ?

ጥቅምት 25

ናፍጣው ንጹሕ ነው ተብሏል። አየር የሚገባበት የለም። የቀረው ጭነት ነው። ስለዚህ ጭነት ላስቀንስ ወጣሁ። አልነገርኳትም።

ድርጅቱ ስደርስ በመስታወቱ አየኋት። አርባ ድርብ ጨርቅ ተነጥፎላታል። መቁረጫ ማሽኑን በቀኝ እጇ ይዛ፣ በግራዋ ጨርቁን ተጭና፣ የጠመኔውን መስመር ተከትላ ትሄዳለች። ጥምዝ ላይ እንኳ አታመነታም። ሌሎቹ እሷ እስክትጨርስ ይጠብቃሉ። ሃያ ዓመት ሙሉ "ሥራዬ ጥሩ ነው" ስትለኝ እንዲህ ማለቷ መሆኑን አላውቅም ነበር። ቆሜ ቀረሁ። የማን ልጅ ናት!

ከዚያ ኃላፊዋ ጋ ገባሁ። ጆሮዋ ላይ እርሳስ የሰካች ሴት ናት።

"ልጄ ልቧን አሟታል፣ ሥራ ይቀነስላት" አልኳት።

"እንዴት ነው ያመማት አባቴ?"

"አልፎ አልፎ ይቆማል።"

ይቆማል አልኩ። ዶክተሯ እንዲያ አላለችም። ምን ላድርግ፣ ወፍጮ ቤት ልማዱ እንዲህ ነው። ባለ እህል ሦስት ጆንያ አንዴ ካልተፈጨልኝ ብሎ ሲያስቸግር "ሞተሩ ሊፈነዳ ነው!" ካላልከው አይሰማህም። ስታጋንን ሁለቱን ይቀንሳል።

ኃላፊዋ እርሳሱን ከጆሮዋ አወረደችው። "ጥሩ አደረጉ የነገሩን" አለች።

ደረቴን ነፍቼ ተመለስኩ።

ጥቅምት 26

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። እኔ መልቀሙም አቃተኝ።

ከጠረጴዛው አንስተዋታል። ልቡ የሚቆም ሰው ስለት ያለው ማሽን አይይዝም ብለው። ሸሚዝ ማጠፊያ ክፍል ወስደዋታል። ጠረጴዛውን ሥራ ላስተማረቻት ልጅ ሰጡባት።

በሩን ቀስ ብላ ነው የዘጋችው። ብትወረውረው ይሻለኝ ነበር።

"ማን ላከህ?"

"ጭነት እንዲቀነስልሽ..."

"እሱ ጭነት አይደለም አባባ! ቀኑን ሙሉ ልቤን የምረሳበት ቦታ እሱ ብቻ ነበር!"

ጥቅምት 27

አላናገረችኝም። ሾርባው ጨው ነበረው፣ ልክ ነበር። ሲከፋት እንኳ እጇ አይስትም።

ጥቅምት 28

ዛሬም ጣሳዎቹ ብቻ ናቸው የሚያናግሩኝ። ጨው። ስኳር። ሩዝ።

ጥቅምት 30

እንዴት ብዬ ልጻፈው...

የታች ቤቷ ጎረቤታችን ጡረታ የወጣች አዋላጅ ናት። የመስኮቷን ማጠፊያ ልሠራላት ቃል ከገባሁ ቆይቷል። ዛሬ ካቻቢቴዬን ይዤ ወረድኩ። በሯ ገርበብ ብሏል። የልጄ ድምፅ ከውስጥ። ቀኝ ጆሮዬ በበሩ በኩል ነበር።

"እትዬ፣ ድንገት የሆነ ነገር ብሆን... ጠዋት ጠዋት ያንኳኩለት። ምድጃ ማጥፋት አስተምሬዋለሁ። ጣሳዎቹ ላይ ጽፌለታለሁ። ሸሚዙን ራሱ ያጥባል፤ አያጠራም እንጂ ያጥባል።"

"ምን ዓይነት ሟርት ነው የምታወሪው አንቺ?"

"ዶክተሯም ምክንያቱን አታውቀውም። እናቴ ብትኖር እጠይቃት ነበር። ይኼ ነገር ይምጣባት አይምጣባት፣ ይለፍ አይለፍ... የሚነግረኝ ሰው የለም።"

ካቻቢቴውን ጨብጬ ወደ ላይ ተመለስኩ። ሃያ ሁለቱን ደረጃ በምን እንደወጣሁ አላውቅም።

ወጥ ቤት ገብቼ ጣሳዎቹን አየሁ። እኔ ጃጅቻለሁ ብላ የጻፈችው መስሎኝ ተቀይሜ ነበር። ለካ ልትሄድ ዕቃ እያሰናዳች ነው። ያለ እሷ ሻይ እንዳፈላ።

የሚነግረኝ ሰው የለም አለች። አለ እኮ። እዚሁ ቤት አለ። ደንቆሮ ነኝ ብሎ ተቀምጧል።

ኅዳር 1

ለማንም ያልነገርኩት ነው። ደብተሩ ይስማው።

ሃያ አንድ ዓመት ሆነው። እናቷ አርባ ስምንት ዓመቷ ነበር፣ እኔ ሃምሳ ሦስት። ልጃችን አግብታ ሩቅ ነበረች። እናቷ በየቀኑ ምሳዬን ወፍጮ ቤት ታመጣልኛለች። አንድ ቀን ሳህኑን ሰጥታኝ ጆንያ ላይ ተቀመጠች። እጇ ደረቷ ላይ። አንድ ነገር አለች። ሞተሩ ይጮሃል፣ ወፍጮውን የሚያዞረው ቺንጋ ይጋረፋል። "ምን?" አልኳት። ደገመችው።

"ልቤ ልክ አይደለም! እስኪ አንዴ አጥፋውና ስማኝ!"

ቤቱ ባለ እህል ሞልቶታል። እኔ አለቃ ነኝ። "ላንቺ ልብ ተብሎ ሞተር አይጠፋም!" አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ። ሳቁ። እሷም ሳቀች። ነጠላዋን አራግፋ ሄደች።

ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን አላነሳችውም። ግን ምሳ ስታመጣ ጆንያው ላይ ትቀመጣለች፤ እጇ ደረቷ ላይ፣ ዓይኗ ቺንጋው ላይ። የቺንጋው ስፌት ፑሌጃው፣ መዘውሩ ላይ ሲያልፍ ጧ ይላል፣ እሱን ትቆጥር ነበር መሰለኝ፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ሲያልፍላት ባዶ ሳህኗን ይዛ ትሄዳለች። ዓመት ከመንፈቅ እንዲህ ሆነች። አንድ ቀን ሳትቀመጥ ሄደች። በነጋታውም። ከዚያ በኋላ አልተቀመጠችም።

አየሁ። ሁሉንም አይቻለሁ። መጀመሩንም መቆሙንም። አንድ ቀን ግን "ምን ሆንሽ?" አላልኳትም። ብጠይቃት ያኔ የሳቅኩባትን ማንሳቴ ነው። ስለዚህ ምሳዬን በላሁ።

በብረት ውስጥ የሞተር ሕመም የምሰማ ሰውዬ። ሁለት ክንድ ርቀት ላይ የተቀመጠች ሚስቴን...

ኅዳር 2

ቁርስ ላይ ልነግራት ተነሳሁ።

"እናትሽ..." አልኩ።

ከአምስት ቀን ዝምታ በኋላ ነው፣ ቀና አለች። "እናቴ ምን?"

"ሻይ ትወድ ነበር።"

"አውቃለሁ" ብላ ወደ ሥራ ሄደች። ሸሚዝ ልታጥፍ።

ፈሪ። ሰባ አራት ዓመት ሙሉ ፈሪ።

ኅዳር 3

አዋላጇ ደረጃው ላይ ያዘችኝ። "አንተ ወፍጮ፣ ያን ዕለት ጫማህን በበሩ ሥር አይቼዋለሁ።"

"ማጠፊያውን ልሠራ..."

"ማጠፊያው ይቆይ። ፊትህን ስንት ቀን አየሁት፣ የምታውቀው ነገር አለ። የተቀበልከውን እህል እስከ መቼ ታጉራለህ? ፈጭተህ ዱቄቱን አውጣው እንጂ!"

እሷ ማን ናትና ነው ስለ ወፍጮ የምትነግረኝ? ልክ ናት ግን።

ኅዳር 4

ነገርኳት።

ድንች ትልጥ ነበር። ሬዲዮኑ ዜና ያወራል። ሄድኩና አጠፋሁት።

"ምን ሆንክ?" አለች። በሕይወቴ ዜና አጥፍቼ አላውቅም።

ተቀመጥኩ። ጆንያውን ነገርኳት። ሞተሩን። ያልኩትን ቃል ሳላሳምር ነገርኳት። ቢላዋው ቆመ። ድንቹ ግማሹ ተልጧል።

"ሳቁ?" አለች።

"ማን?"

"ሰዎቹ።"

"ሳቁ።"

"እሷስ?"

"እሷም ሳቀች።"

ቢላዋውን አስቀመጠች። "ስንት ዓመቷ ነበር?"

"አርባ ስምንት።"

በጣቷ ቆጠረች። አንዴ። ደገመች። "ከዚያ በኋላ አሥራ አምስት ዓመት ኖራለች።"

"አሥራ አምስት ዓመት ጮኻብኛለች። ዳሌዋ እስኪሰበር ድረስ ይህን ደረጃ ከኔ ቀድማ ነው የምትወጣው። ልቧን ታማ አይደለም የሞተችው፣ አንቺም ታውቂያለሽ።"

"መጣባት፣ ከዚያ... ተዋት?"

"ዓመት ከመንፈቅ ቆይቶ ተዋት።"

ፊቷን በክንዷ ሸፈነች። ታልቅስ ትሳቅ አላወቅኩም። ትከሻዋ ብቻ... ከዚያ ድንገት ቀና አለች።

"ዶክተሯ ስትጠይቅህ ሰምተሃል!"

"ሰምቻለሁ።"

"'እ?' ስትል ሰምተህ ነው!"

"ሰምቼ ነው።"

"አንተ... አንተ ሽማግሌ!" የድንቹን ልጣጭ ወረወረችብኝ። ጉንጬ ላይ ተጣበቀ። አላነሳሁትም፣ ይገባኛል። አየችኝና በሳቅ ፈረሰች፣ እያለቀሰች። ልጣጩን ራሷ አነሳችልኝ።

ከዚያ እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችልኝ። "ና ስማ። እንዲያውም አሁን እየመጣ ነው።"

አንጓዋን ያዝኩ። ድው፣ ድው፣ ድው። እንደ ቺንጋ ስፌት ነው፣ በዙር በዙር ያልፋል። አንዷ ቀደመች። ከዚያ... ዝም። ዝምታው! ጉድጓድ ነው። ይኼን ነው ልጄ ሦስት ወር ብቻዋን ስትወድቅበት የከረመችው? እናቷ ጆንያ ላይ ሆና... ከዚያ ድው። በርታ ብላ። ድው፣ ድው።

"አለፈች" አልኩ።

"ፈራህ?"

"አልፈራሁም።"

"አንጓዬን ጨምድደህ ይዘሃል።"

"ምቱ እንዳይጠፋኝ ነው።"

እጇን አልወሰደችም። ድንቹ ሳይላጥ መሸ። ዳቦ በላን።

ኅዳር 8

ዶክተሯ ጋ ሄድን። ሳልጠየቅ ተናገርኩ። ዕድሜዋን፣ ስንት ጊዜ እንደቆየባት፣ መቼ እንደተዋት፣ በምን እንደሞተች። ቅደም ተከተሉን ሌሊቱን ሳጠና ነው ያደርኩት። ዶክተሯ ጻፈች።

"ምክንያቱን አይነግረንም" አለች፤ "የእናትና የልጅ አንድ ነው ብዬም አልምልም። ግን ማወቃችን በጣም ይጠቅመናል። ጆሮዎ ተሻለዎት አባባ?"

"በአንዴ ተከፈተ" አልኳት።

ልጄ በክርኗ ጎሸመችኝ። ዶክተሯ ለድርጅቱ ወረቀት ጻፈችላት፤ ቆራጭነቷን ብትቀጥል የሚያሰጋ ነገር የለም የሚል። ወረቀቱን እኔ ያዝኩት። "እኔ እወስደዋለሁ" አለች። አይሆንም። ያፈሰስኩትን እኔ ነኝ የምለቅመው።

ኅዳር 9

ወረቀቱን ለኃላፊዋ ሰጥቼ መውጣት እችል ነበር። ግን እናቷን ያሳፈርኩት ሰው ፊት ነው። ስለዚህ ማሽኖቹ ለሻይ ሲጠፉ ጠብቄ መሃል ገባሁ። አሥራ ስምንት ሴት። ልጄ ከማጠፊያ ክፍል በር ላይ ቆማ፣ "ደግሞ ምን ሊል ነው" በሚል ፊት ታየኛለች።

"የዚህች ልጅ ልብ ይቆማል ያልኩት ውሸት ነው" አልኩ። "አይቆምም። አልፎ አልፎ ይዘላል። ሐኪም አይቶታል። እኔ ባለ ወፍጮ ነኝ፣ ማጋነን ልማዴ ነው። ይቅርታ አድርጉልኝ።"

 ከዚያ አንዷ ቁልፍ ሰፊ፣ ወፍራሟ፣ "አባባ፣ የኔም ይዘላል እኮ!" አለች።

"ያንቺማ ደመወዝ ሲዘገይ ነው!" አለቻት ሌላዋ። "የኔ ነው እንጂ፣ ቁጭ ባልኩበት!"

"ለማንም አልነገርኩም እንጂ እኔም..." አለች ሦስተኛዋ፣ ቀስ ብላ።

ቤቱ በወሬ ተሞላ። እኔን ረሱኝ። ልጄ መሃላቸው ገባች፣ እጇ ደረቷ ላይ፣ እንዴት እንደሚመታ ታሳያቸዋለች። ኃላፊዋ ወረቀቱን አንብባ እርሳሷን ጆሮዋ ላይ መለሰች። "ሰኞ ጠረጴዛዋ ላይ ናት" አለችኝ።

ኅዳር 21

ሰባ አራት ዓመቴ ነው፣ እንደ በፊቱ። ደረጃውን መደገፊያ ይዤ እወጣለሁ፤ ሰው ቢያየኝም።

ልቧ አልተወም። ትናንት ሁለቴ፣ ዛሬ እስካሁን የለም። ምክንያቱን ማንም አላወቀም። እኔም መፈለጌን ተውኩ፤ ካቻቢቴው መሳቢያ ውስጥ ገብቷል። ሲመጣባት "አባባ፣ መጣች" ትላለች። ሬዲዮኑን አጠፋለሁ። አንጓዋን እይዛለሁ። "አለፈች" ስላት ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ለቀጣዩ ቀጠሮ ዶክተሯ ከሁለት ወር በኋላ ኑ ብላለች። ኮቴን አስጠርጌያለሁ።

ወረቀቶቹን ከጣሳ ላይ ልትቀዳድ ስትል ከለከልኳት። "አሁንማ ምን ያደርጉልሃል?" አለች። ቆንጆ ናቸው አልኳት። እኔም አንድ ጨመርኩ። አልጋዋ ራስጌ፣ በከሰል፣ እንደ ጆንያ፦ "አሥራ አምስት ዓመት። ከዚያም በላይ።" ጽሕፈቴ ጠማማ ነው። አላነሳችውም።

የቀረብኝ ዕዳ አለ። ማንም አይክፈልልኝ፣ በእጄ ነው የምከፍለው።

ለአዋላጇ፦ የመስኮት ማጠፊያ። ሐሙስ። ይኼኛውን በሩን አንኳኩቼ እገባለሁ።

ለዶክተሯ፦ "ናፍጣ ቀድታ አታውቅም" ብያታለሁ፣ እዚሁ ደብተር ላይ። አልሰማችም፣ ቢሆንም ይቅርታ።

ለዚያች ቀስ ብላ "እኔም" ላለችው ሴት፦ ሐኪም ቤቱ የት እንደሆነ ላሳያት ቃል ገብቻለሁ። መንገዱን አውቃለሁ።

ለልጄ፦ ሸሚዜን አጥርቼ ማጠብ።

ለእናቷ፦ አንድ "ምን ሆንሽ?"። ሃያ አንድ ዓመት ያደረ። ለራሷ የማደርስበት መንገድ የለም። ለወራሿ በየቀኑ እየቆራረስኩ እከፍላለሁ። ዛሬ ጠዋት ምድጃው አጠገብ ዓይኗን ስትጠርግ አየኋትና ተነሳሁ። "ምን ሆንሽ?" አልኳት።

"ምንም። ሽንኩርት ነው" አለች።

ይቆጠር።